ዛፍ ላይ መብራት ስትሰቅሉ፦ ስለ ገመዱ የሚባለውና እውነታው

ሐዋሳ ግቢ ያለው ቤት ማንጎ ወይም አቮካዶ አያጣም። ማታ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ቡና ለመጠጣት ደግሞ መብራት ያምራል። ሰው የሚጨነቀው አምፖሉን ሲመርጥ ነው፤ አደጋው ግን ከቤት እስከ ዛፉ በሚሄደው ገመድ ላይ ነው። ስለሱ ደግሞ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ብሬከር አለኝ፣ ሰው ከያዘ ይጥላል።» ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም። ባለ 16 አምፔሩ የሚወድቀው ከ16 አምፔር በደንብ ያለፈ ሲሄድበት ነው። እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ የተላጠ ገመድ ቢነካ፣ በ220 ቮልት በሰውነቱ የሚያልፈው ኮረንቲ ግማሽ አምፔር እንኳን ላይሞላ ይችላል። ለመግደል ግን ከዚያም በጣም ያነሰ ይበቃል። ብሬከሩ ምንም አያውቅም፣ መብራቱም እንደበራ ነው! ሰው የሚያድነው አርሲዲ የሚባለው ነው፤ በፌዝ (ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መመለሱን እያመዛዘነ 30 ሚሊአምፔር ከጎደለበት በሰከንድ ክፋይ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። በየጊዜው ተጫኑት፣ ካልወደቀ ይቀየር። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለዚህ አውጡት።

«በናስትሮ በደንብ ከጠቀለልኩት ውሃ አይገባም።» ይገባል። ፀሐዩ ሙጫውን ያላላዋል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ዝናብ ይገባና እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ቅጥያ ከክረምት በኋላ ፈትታችሁ እዩት፦ ናስትሮው ጣት ላይ ይጣበቃል፣ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ አንዳንዴም ጉንዳን ከውስጥ ይወጣል። መሃል ላይ ጨርሶ አለመቀጠል ነው የሚሻለው። ግድ ከሆነ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ግላንዱ (ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማጥበቂያ) ጠብቆ። ገመዱም ከታች በኩል ይግባ፤ ከላይ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይመለስ፣ ውሃው ጎባጣው ላይ ይንጠባጠባል።

«ገመድ ያው ገመድ ነው።» አይደለም። ነጩ የቤት ውስጥ ገመድ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለውጭ የተሠራውን፣ ፀሐይ የሚችል ጥቁር ልባስ ያለውን ጠይቁ። ለሰርግ ማታ የተዘረጋ ማከፋፈያ ደግሞ ሰርጉ ሲያልቅ ይነሳ፣ እባካችሁ። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው እሱ ግን እዚያው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለበት ግቢ አለ።

«ከቀበርኩት አበቃ።» አንድ ስንዝር ከሆነ የሚቀጥለው ዶማ ያገኘዋል። ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ውረዱ፣ በቱቦ ውስጥ አድርጉት። ግንዱ አጠገብ ስትደርሱ ወፍራም ሥር አትቁረጡ፣ በሥሩ ሥር አሾልኩት።

«12 ቮልት ከሆነ የትኛውም ቀጭን ሽቦ ይሆናል።» 12 ቮልት ለሰው በጣም የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ እኔም እሱን ነው የምመክረው። ግን 20 ዋት በ220 ቮልት 0.1 አምፔር እንኳን የማይሞላ ኮረንቲ ሲፈልግ በ12 ቮልት 1.7 ገደማ ይፈልጋል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ መብራቱ ይደክማል። ትራንስፎርመሩም ያው 220 ነው የሚገባበት፣ ስለዚህ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ።

«ዛፉ ሲያድግ ምስማሩም አብሮ ከፍ ይላል።» አይልም። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው ከጫፉ ነው፤ ግንዱ ላይ በቁመታችሁ ልክ የተመታ ምስማር ከዓመታት በኋላም እዚያው ነው። የሚሆነው ሌላ ነው፦ ግንዱ ይወፍራል። ገመድ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ካሰራችሁት ቅርፊቱን አንቆ ይገባል። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ደግሞ በዚያው በቅርፊቱ ስለሆነ ዛፉ እየከሳ ሄዶ ሊደርቅ ይችላል። ጥቂት ረጃጅም የማይዝጉ ብሎኖች ይበቃሉ። ከግንዱ ወጣ ብለው ይቁሙ፣ ገመዱ ላላ ብሎ ይንጠልጠልባቸው፣ በየዓመቱም ትንሽ ፍቱላቸው። ነፋስ ሲያወዛውዘው እንዳይወጠር ትርፍ ተዉለት። ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ ጦጣዎቹን አትርሱ፤ ሜዳ ላይ የተንዘላዘለ ገመድ አትተዉላቸው።

«ማብሪያውን አጥፍቼ ስለምሠራ ምንም አይለኝም።» ማብሪያው በስህተት ኒውትራል ላይ ተገጥሞ ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል፣ ፌዙ ግን ገመዱ ውስጥ አለ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ለቤተሰቡ ተናገሩ፣ መሰላል ከመውጣታችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። ቴስተሩንም አስቀድማችሁ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት።