ጠብመንጃው ቤት ይዋል

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከተራ ሲቃረብ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ በገጠር ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ እልልታው ይቀልጥ ነበር። ወዲያው ደግሞ ተኩስ ይከተላል። አጎቴም ይተኩስ ነበር፤ ለታቦቱ ክብር ብሎ እንጂ ክፋት ኖሮበት አይደለም። አንድ ዓመት ግን ከበዓል ስንመለስ የጎረቤታችን ማድ ቤት ቆርቆሮ ተበስቶ አገኘነው። ጥይቷ ከቡሃቃው አጠገብ መሬት ውስጥ ገብታለች። የቤቱ እመቤት ጠዋት እዚያው ቁጭ ብላ ስታቦካ ነበር። አጎቴ ቀዳዳዋን አየና ዝም አለ። ማን እንደተኮሳት አይታወቅም፤ የእሱም ልትሆን ትችላለች።

ጴጥሮስን አስቡት። በጌቴሴማኒ ሰይፉን የመዘዘው ጌታውን ስለወደደ ነው። የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ቆረጠ። ጌታ ግን «ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ» አለው። እዚህ ላይ እኔ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሉቃስ እንደጻፈው ጌታ ጆሮውን ዳሰሰና ፈወሰው። ሊይዙት በመጡበት በዚያች ሰዓት እጁን የዘረጋው ደቀ መዝሙሩ ያቆሰለውን ሰው ለማዳን ነበር! እኛ ለክብሩ ብለን የምንተኩሰው ጥይት ማንን እንደሚያቆስል እናውቃለን?

ሕጉም ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ሕዝባዊ በዓል በሚከበርበት ቦታ መሣሪያ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። «ፈቃድ አለኝ» ማለት እዚያ አይሠራም።

አገሩ ሰላም ባጣበት አካባቢ «ባዶ እጄን እንዴት ልውጣ?» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አልንቀውም። ግን ጃንሜዳም ሆነ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ያ ሁሉ ሕፃን፣ ያ ሁሉ አዛውንት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በቆመበት አንድ ሽጉጥ ቢባርቅ መሸሻ የለም። ከጥይቱ የተረፈውን ግፊያው ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ፍተሻው ላይ አትቆጡ። ፖሊሷ «እጅዎን ያንሡ አባባ» ስትል ጋቢያችሁን ገለጥ አድርጉላት። እሷም በዓል አላት፤ እኛ በሰላም እንድናከብር ብላ ነው ፀሐይ ላይ የቆመችው።

አጎቴ ከዚያ ዓመት በኋላ ጠብመንጃውን ይዞ ለከተራ ወጥቶ አያውቅም። ጃንጥላ ይዞ ከካህናቱ ኋላ ይሄድ ነበር። እልል ሲል ድምፁ ከሁሉም ይሰማል።

መልካም በዓል።