«ቪቪድ»፦ የሊቪንግ ከለር የመጀመሪያ አልበም

«ቪቪድ» ሊቪንግ ከለር የተባለው የኒውዮርክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1988 በኤፒክ ኩባንያ በኩል ወጣ። 11 ዘፈኖች አሉት። አብዛኛውን ጊዜ ከሃርድ ሮክ አልበሞች ጋር ነው የሚመደበው። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን ፈንክ፣ ጃዝ፣ ራፕ፣ ፓንክና የካሪቢያን ምት ሁሉ አለበት።

ባንዱን በ1984 የመሠረተው ጊታሪስቱ ቨርነን ሪድ ነው። ለንደን ተወልዶ ብሩክሊን ያደገ የካሪቢያን ተወላጆች ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በጃዝ ድራመሩ በሮናልድ ሻነን ጃክሰን ባንድ ውስጥ ተጫውቷል፤ ፍሪ ጃዝንና (ከተለመደው የዜማና የምት ሕግ የተላቀቀውን ጃዝ) ፈንክን አንድ ላይ የሚያስጮህ ባንድ ነበር። በአልበሙ ላይ ኮሪ ግላቨር ይዘፍናል፣ መዝ ስኪሊንግስ ቤዝ ይጫወታል፣ ድራሙን ደግሞ በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረው ዊል ካልሁን ይዞታል። አራቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

ይህ በጊዜው ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ሮክን ካዋለዱት መካከል ቸክ ቤሪና ሊትል ሪቻርድ አሉ። በ1980ዎቹ ግን የአሜሪካ ሬዲዮና የሙዚቃ ኩባንያዎች ሮክን የነጮች፣ አር ኤንድ ቢን የጥቁሮች አድርገው ከፋፍለውት ነበር። ከባድ ጊታር የያዘ ጥቁር ባንድ የት ይመደብ? ሪድና ጓደኞቹ ይህን አጥር ለመስበር በ1985 ብላክ ሮክ ኮአሊሽን የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። በሩን በመክፈት በኩል ግን የሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገር ትልቅ ድርሻ አለው። ባንዱን ሲቢጂቢ በተባለው የኒውዮርክ ክለብ አይቶ ወደደው፤ ለኩባንያዎች የሚቀርበውን የናሙና ቅጂም እሱ አዘጋጀላቸው። አልበሙ ላይ ሁለት ዘፈኖች የጃገር ፕሮዳክሽን ናቸው። የቀረውን የሠራው ኤድ ስቴዚየም ነው።

ስልት በመቀላቀል ሊቪንግ ከለር የመጀመሪያው አይደለም። ፈንካዴሊክ ገና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈንክንና ከባድ ጊታርን አጋብቶ ነበር። ባድ ብሬይንስ ፓንክና ሬጌን በአንድ መድረክ ይጫወት ነበር። የሎስ አንጀለሱ ፊሽቦንም አለ። ታዲያ የሊቪንግ ከለሮች አዲስነት ምኑ ላይ ነው? እንደ እኔ ከሆነ ስልቶቹን የሚያገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ባንድ አንዱን ዘፈን ፈንክ፣ ቀጣዩን ሬጌ ያደርግና ቀላቀልኩ ይላል። እነሱ ግን እዚያው አንድ ዘፈን ውስጥ ያጋጯቸዋል። የግላቨር ድምፅ የሶልና የጎስፕል ነው። ሪፉ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚመጣው የጊታር ሐረግ፣ ሜታል ነው። ካልሁን ድራሙ ላይ የጃዝ ልጅነቱን አይደብቅም። ሶሎው (ጊታሩ ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበት ቦታ) ሲደርስ ሪድ ጥሏቸው ወደ ፍሪ ጃዝ ይሄዳል። አንዱ ለሌላው ሲል ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

የሪድ ሶሎ ለብቻው መነሳት አለበት። የዘመኑ የሮክ ጊታሪስቶች ፍጥነታቸውን የሚያሳዩት በጥንቃቄ በተለማመዱት ዜማ ነበር። ሪድ ኖታ በኖታ ላይ ይደራርባል፣ ከስኬሉ (ዘፈኑ ከተሠራበት የኖታ ቅኝት) ይወጣል፣ ጊታሩን ያስጮኸዋል፤ አሁን ጠፋ ሲሉት ምቱ ላይ ከች ይላል። ለለመደ ጆሮ ደስ ይላል፤ ላልለመደው ግን ያደክማል።

ይህ ሁሉ በደንብ የሚሰማው መክፈቻው «ከልት ኦፍ ፐርሰናሊቲ» (የግለሰብ አምልኮ) ላይ ነው። ዘፈኑ በማልኮም ኤክስ ንግግር ይጀምራል፤ የኬኔዲና የሩዝቬልት ድምፅም አለበት። ግጥሙ ሙሶሊኒን ከኬኔዲ፣ ስታሊንን ከጋንዲ አጠገብ ያስቀምጣል። ደፋር ነገር ነው። ክፉና ደግ መሪን አያመሳስልም፤ ሕዝብ ሁለቱንም የሚከተልበት ስሜት አንድ ነው እያለ ነው።

«ፈኒ ቫይብ» በፈጣን የጊታር ሩጫ ጀምሮ ወደ ፈንክ ይገባል። ጥቁር ሰው ሲያዩ ቦርሳቸውን ጠበቅ ለሚያደርጉ ሰዎች የተሰጠ መልስ ነው፤ ከራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ ቸክ ዲና ፍሌቨር ፍሌቭ ገብተውበታል። «ኦፕን ሌተር (ቱ ኤ ላንድሎርድ)» ከሰፈራቸው ስለሚፈናቀሉ ድሆች ነው። ገጣሚዋ ትሬሲ ሞሪስ ከሪድ ጋር የጻፈችው ሲሆን ግላቨር ከሁሉም በላይ አምርሮ የዘፈነው እዚህ ይመስለኛል። ቶኪንግ ሄድስ ከተባለው ባንድ የወሰዱት «ሜሞሪስ ካንት ዌይት» ደግሞ ከዋናው እጅግ ከብዷል። ጃገር ያዘጋጀው «ግላመር ቦይስ» የካሪቢያን ጨዋታ አለው፤ ደስ ይላል፣ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ቀለል ይላል። የዘመኑ የድራም ማስተጋባትም አንዳንድ ቦታ አርጅቷል።

አልበሙ ወዲያው አልተሸጠም። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤም ቲቪ የ«ከልት ኦፍ ፐርሰናሊቲ»ን ቪዲዮ ደጋግሞ ማሳየት ሲጀምር ነው የተነሳው፤ በ1989 በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት ባንዱ የሮሊንግ ስቶንስን ጉዞ ተከትሎ ስታዲየሞች ውስጥ ተጫወተ። ቀጥሎ ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ መጣ። ግራሚ በ1989 ሃርድ ሮክንና ሜታልን አንድ ምድብ አድርጎ ሽልማቱን ብዙዎች ሜታል ነው ለማይሉት ለጄትሮ ታል ባንድ ሲሰጥ መሳቂያ ሆኖ ነበር። በ1990 ሁለቱን ለያያቸው። ለብቻው የቆመውን የሃርድ ሮክ ሽልማት መጀመሪያ የወሰደው ሊቪንግ ከለር ሆነ። በአንድ ምድብ አልገባም ያለ ባንድ አዲስ ምድብ መርቆ ከፈተ ማለት ነው።

በ1990 «ታይምስ አፕ» ተከተለ፤ እሱም ግራሚ አገኘ። ቅይጡ እዚያ ላይ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥም ይከራል፤ ብዙ ወዳጆቻቸው ከ«ቪቪድ» ያስበልጡታል። ስኪሊንግስ በ1992 ለቀቀና ዳግ ዊምቢሽ ተተካ። ባንዱ በ1995 ተበተነ፣ በ2000 ደግሞ ተመልሶ ተሰበሰበ። ከ2011 ወዲህ የትግል ተፋላሚው ሲኤም ፐንክ ወደ መድረክ የሚገባው በ«ከልት ኦፍ ፐርሰናሊቲ» ስለሆነ፣ ባንዱን የማያውቁ ወጣቶች እንኳ ሪፉን ያውቁታል።