አንባቢው የሚወስንበት ልቦለድ በእንግሊዝኛ ክፍል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስተጋብራዊ ልቦለድ አንባቢው ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስንበት ጽሑፍ ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። በአንደኛው አንባቢው «በሩን ክፈት»፣ «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «መብራቱን አንሣ» እያለ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም የሆነውን ተርኮ ይመልስለታል። በሁለተኛው ከየገጹ ግርጌ ምርጫዎች ተደርድረዋል፤ አንባቢው አንዱን ሲይዝ ታሪኩ በዚያው ይቀጥላል። ይህን ሥነ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ በተለይም በድርሰት አጻጻፍ ትምህርት ውስጥ፣ ማስገባት ይገባናል ባይ ነኝ። ሐሳቡን እዚህ ወሎ ላሉ የሙያ ባልደረቦቼ ባነሣሁ ቁጥር የማገኛቸው መልሶች ይመሳሰላሉ። በቅንነት የሚነገሩ ናቸው፤ ነገር ግን ልክ አይደሉም።

«ጨዋታ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ አይመጥንም»

ጨዋታነቱን አልክድም። ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ዋሻ ማሰስ ይወድ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ኬንታኪ ውስጥ በሚገኘው የማሞዝ ዋሻ ያየውን መሠረት አድርጎ የዚህን ዘርፍ ፈር ቀዳጅ ሥራ ጻፈ፤ በ1977 ደግሞ ስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ አስፋፋው። በዚያ ሥራ ውስጥ አንድም ሥዕል የለም። አንባቢው የት እንደቆመ፣ ከፊቱ ምን እንዳለ፣ በየት መውጣት እንደሚችል የሚያውቀው ከተጻፉት ቃላት ብቻ ነው።

የማንበብ ትምህርታችን ትልቁ ችግር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪው ምንባቡን ዘሎ በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ ይሄዳል፤ ከዚያ መልስ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ይገለብጣል። በመስተጋብራዊ ልቦለድ ግን ይህ መንገድ የለም። አንቀጹ ቁልፉ ከእንስራው ሥር እንደተቀመጠ ነግሮት ተማሪው ሳያስተውል ካለፈ በሩ አይከፈትለትም። ማንም ሳያዘው ተመልሶ ያነባል። «ሥር»ን የመሰለ መስተዋድድ ነጥብ ከማስገኘት አልፎ በር ሲከፍት ያያል። የሥነ ጽሑፍ ምሁራንም ዘርፉን ንቀውት ቆይተዋል ማለት አይቻልም፤ ኖርዌያዊው ኤስፐን አርሴት አንባቢው ደክሞ መንገዱን የሚያገኝባቸውን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የሚመረምር መጽሐፍ ያሳተመው በ1997 እ.ኤ.አ. ነበር።

«የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለልጆቻችን ባዕድ ይሆንባቸዋል»

ይህኛውን በሰፊው መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እውነቱ ከዚህ አባባል ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ነው። እንቆቅልሽን አስቡት። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ አድማጩ «ምን አውቅልህ» ብሎ ካልመለሰ ነገሩ አንድ እርምጃ አይሄድም። ከዚያ ጥያቄው ይቀርባል። አድማጩ ይሞክራል፣ ይስታል፣ እንደገና ይሞክራል። ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ላሊበላን ይሰጣል ወይም አምባሰልን፤ ጠያቂው አገሩን ካልወደደው አልቀበልም ብሎ ሌላ ያስጠራል። ፍቺው የሚነገረው አገር ከተሰጠ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ሕግ ያለው ነገር ነው። መሳሳትም የራሱ መንገድ ተበጅቶለታል፤ የተሳሳተ ሰው ከጨዋታው አይወጣም፣ አገር ከፍሎ ይቀጥላል። ደሴ ወይም መርሳ ያደገ ልጅ ለዚህ ሥርዓት ባዕድ አይደለም።

ደግሞም ይህ ዝምድና የአገር ፍቅር የወለደው የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ኒክ ሞንትፎርት በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የመስተጋብራዊ ልቦለድን የዘር ሐረግ ሲመረምር ከሁሉ አስበልጦ የያዘው የሥነ ጽሑፍ ቅድመ አያት እንቆቅልሽን ነው። ሁለቱም ዓለምን በተሸፈነ ቃል ያቀርባሉ፤ ሁለቱም ያለ ተቀባዩ ሥራ አይፈቱም። ልዩነት የላቸውም አልልም። እንቆቅልሽ አንድ ፍቺ ሲኖረው ልቦለዱ ብዙ መጨረሻ ሊኖረው ይችላል፤ እንቆቅልሽ በአፍ ነው፣ ልቦለዱ በጽሑፍ።

ስለዚህ ኮርሱን በእንቆቅልሽ መጀመር ይበጃል። ተማሪዎች መሶብን ወይም ጀበናን ስሙን ሳይጠሩ በእንግሊዝኛ በአራት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ክፍሉ ይገምት። አንድ ተማሪ «ጥቁር ነው፣ ቡና አለው» ብሎ ከጀመረ ወዲያው ይታወቅበታል። «አንገቷ ረዥም ነው፤ እሳት ላይ ተቀምጣ አታለቅስም፤ ሆዷ ሲሞላ እንግዳ ይሰበሰባል» ብሎ የጻፈ ግን ጓደኞቹን ያሠራቸዋል። ምን ያህሉን መግለጽ፣ ምን ያህሉን መደበቅ እንዳለበት የሚማረው እዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ የገለጻ አጻጻፍ መልመጃ አላውቅም።

«የኮምፒውተር ክፍልና የፕሮግራም ዕውቀት ይጠይቃል»

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልዲያና ደሴ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ምን ያህል እንደተዘረፉ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን ወረቀት ነው። ጥቂት ነጭ ወረቀቶችን አራት አራት ቦታ ቀድዶ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ከግርጌው «ብትገባ ወደ 7፣ ብትመለስ ወደ 12» ማለት ይበቃል። ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ክሪስ ክላይመስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትዋይን የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። አንቀጾቹን በሣጥን በሣጥን ያስቀምጣል፤ አንድን ቃል በድርብ የአራት ማዕዘን ቅንፍ ([[ ]]) ውስጥ ሲያስገቡት ወደ ሌላው ሣጥን የሚወስድ መንገድ ይሆናል። ያለቀው ታሪክ አንድ የድረ ገጽ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ተልኮ በስልክ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ለእንግሊዝኛ መምህር በጣም የሚያስደንቀው ግን በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የእንግሊዛዊው ግርሃም ኔልሰን ሥራ የሆነው ኢንፎርም 7 የተባለ የመስተጋብራዊ ልቦለድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ራሱ እንግሊዝኛ ነው። «ገበያው ክፍል ነው። ፍየሉ ገበያው ውስጥ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍለት ገበያውንና ፍየሉን ይፈጥራል። ዓረፍተ ነገሩ ቅርጹን ከሳተ አልገባኝም ብሎ ይቆማል።

«ምርጫ በበዛ ቁጥር ታሪኩ ይሻላል»

ይህ የተማሪዎቹ ስሕተት ነው፤ አብዛኞቹንም ሥራቸውን ሳይጨርሱ የሚያስቀራቸው እሱ ነው። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው። በየደረጃው ሁለት ምርጫ ያለው፣ አሥር ደረጃ የሚሄድ፣ መንገዶቹም ፈጽሞ የማይገናኙበት ታሪክ 1,024 መጨረሻና በጠቅላላው 2,047 አንቀጽ ይፈልጋል። አንቀጹ ሰማንያ ቃል ብቻ ቢሆን ከ160 ሺህ ቃል በላይ ነው። ያን ያህል በአንድ ሴሚስተር የሚጽፍ የለም።

መፍትሔው መንገዶቹ ተለያይተው እንደገና እንዲገናኙ፣ ታሪኩ ግን አንባቢው ያደረገውን እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ምሳሌ የባቲ ሰኞ ገበያ ነው። አንባቢው ለበዓል ፍየል ሊገዛ ገብቷል፤ ከፊቱ አንድ አፋር ሽማግሌ ፍየሎቹን ይዞ ቆሟል። ሦስት ምርጫ አለ፦ በቀጥታ ዋጋ መጠየቅ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ወሬ መለዋወጥ፣ ወይም ደላላ መጥራት። በሦስቱም መንገድ ፍየሉ ይገዛል። ነገር ግን ዋጋውን ብቻ የጠየቀው ፍየሉን ይዞ ይሄዳል፤ በአፋሮቹ የዳጉ (ወሬ የመለዋወጥ) ልማድ ከየት እንደመጣ፣ በመንገድ ምን እንዳየ የተነጋገረው ደግሞ ዝናብ እንደጣለና የሚሻገረው ወንዝ እንደሞላ ሰምቷል። ከሁለት አንቀጽ በኋላ ሁሉም ወንዙ ዳር ይደርሳሉ፤ አንዱ ብቻ ያውቃል።

አሁን እንግሊዝኛውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው መንገድ ቀጥተኛ ጥያቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰላምታንና ሰሞኑን የሆነውን የሚናገር የግሥ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ ደላላው የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ በመሆኑ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘዋዋሪ ንግግር ልምምድ ነው። «እንዲህ ይላል፣ ከዚህ በታች አልሸጥም ብሏል» የሚለው ተማሪው ለፈተና ሲያጠና አሰልቺ ሆኖበት የኖረ ሰዋስው ነው፤ እዚህ ግን ፍየሉን ለመግዛት የግድ ያስፈልገዋል።

«እንግሊዝኛው ለደከመ ተማሪ አይሆንም»

ከፊሉ እውነት ስላለው በጥንቃቄ ልናገር። ትእዛዝ የሚጻፍባቸው ሥራዎች ፊደል ለሚሳሳት ተማሪ ጨካኞች ናቸው፤ አንድ ሆሄ ሲጎድል አይገባኝም ይላሉ፣ ደጋግመው ሲሉትም ልጁ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ምርጫዎቹ ተጽፈው ከሚቀርቡበት ዓይነት መጀመር፣ ወደ ትእዛዙ ዓይነት ሲገባም ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይጽፋል፤ ክርክሩም ትምህርት ነው።

ጽሑፉን በተመለከተ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አምስት ገጽ ድርሰት ጻፍ የተባለ ደካማ ተማሪ ከሌላ ሰው ይገለብጣል። ስድሳ ቃል ያለው አንቀጽ ጻፍ፣ ነገ ደግሞ ከእሱ የሚቀጥለውን ጻፍ ቢባል ይችላል። ከአሥራ ሁለት አንቀጽ በኋላ ያልጠበቀው ርዝመት ያለው የራሱ ሥራ በእጁ አለ።

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ስላለ ዋጋ የለውም»

ከማሽን ጋር በጽሑፍ መነጋገር አዲስ አይደለም፤ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኢላይዛ የተባለችውን ፕሮግራም ያስተዋወቀው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ማሽኑ ታሪክ ሊፈጥር ይችላል። የምናስተምረው ግን ተማሪው ለእያንዳንዱ ምርጫ ምክንያት እንዲኖረው ነው፤ ሽማግሌው ለምን አጭር መልስ እንደሰጠ ሲጠየቅ መመለስ ያለበት ጸሐፊው ነው።

«ለማረምና ነጥብ ለመስጠት አይመችም»

ሦስት ነገር ብቻ ይታረማል፦ የታሪኩ ካርታ፣ የአንቀጾቹ እንግሊዝኛ፣ ከንባብ በኋላ የተደረገው ማሻሻያ። ሦስተኛውን ከፍተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው ሥራውን ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛው ጮክ ብሎ እያነበበ ይመርጣል፣ ጸሐፊው አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ቃል አይተነፍስም። «እሱን ማለቴ አልነበረም» ማለት ክልክል ነው። ጓደኛው የት ላይ እንደቆመ፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳነበበ፣ የትኛው ምርጫ ላይ ግራ እንደተጋባ ጸሐፊው በማስታወሻ ይይዛል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ማስታወሻ፣ የድሮውን አንቀጽና የተሻሻለውን አንድ ላይ አያይዞ ያስረክባል። መምህሩ የሚያርመው እነዚህን ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ነው።