«ፎክን ትታ ጃዝ ገባች» ለምትሉ

ደሴ ውስጥ ክራርና ጊታር አስተምራለሁ። ስለ ጆኒ ሚቼል የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጊታር ይዛ የራሷን ግጥም የምትዘፍን ካናዳዊት ናት። በ1974 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው «ኮርት ኤንድ ስፓርክ» ከፎክ (ከሕዝባዊ ዘፈን) ወደ ጃዝ የተሻገረችበት አልበም ነው ይባላል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። የሰለቸኝ ከዚህ በኋላ የሚወራው ነው። ያው ወሬ ደግሞ ትንሽ መልኩን ቀይሮ በእኛው ቅኝቶች፣ በአምባሰልና በባቲ ላይ ይደገማል።

«አልበሙ ጃዝ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ጥርት ያለ ጃዝ ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ዘፈን፣ «ትዊስትድ»ን ስሙ። እሱም የሷ ድርሰት አይደለም። በሳክስፎን ተጫዋቹ በዋርደል ግሬይ ዜማ ላይ አኒ ሮስ ግጥም የጻፈችበት ነው።

«አድማጭ ሸሻት» ይባላል። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ 2ኛ ደርሷል። «ሄልፕ ሚ» የተባለው ዘፈን ደግሞ በነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 7ኛ ወጥቷል፤ ከሱ በላይ የወጣ ዘፈን የላትም።

«ድንገት ተቀየረች» የሚለውም ስህተት ነው። ቶም ስኮት በ1972ቱ «ፎር ዘ ሮዝስ» ላይ የትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወትላት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባንዱን ኤል ኤ ኤክስፕረስን ይዞ መጣ።

«የሽግግር አልበም ያልበሰለ አልበም ነው» ለሚሉ፦ መጀመሪያ አልበሙን ስሙት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጃዙን ያመጣው ባንዱ ነው» ይባላል። እሷ ተራ ዘፈን ይዛ መጣች፣ ጃዞቹ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አለበሱላት ማለት ነው። ይህን የሚሉት ጊታሯን ለብቻው ያልሰሙ ሰዎች ናቸው። ጆኒ በ9 ዓመቷ ፖሊዮ ታማለች። በዚህ የተነሳ ግራ እጇ ደከም ያለ ነው። ስለዚህ የጊታሩን ክሮች በራሷ መንገድ ትቃኛቸዋለች። ጣቶቿ ብዙም ሳይለፉ ከክሮቹ ያልተለመደ ኮርድ ይወጣል፤ ሜጀርም ማይነርም ነው የማይባል፣ ተንጠልጥሎ የሚቀር። የሮክ ተጫዋቾች ይህን መከተል አቃታቸው። ራሷ እንደምትናገረው፣ የጃዝ ከበሮ መቺ ፈልጊ ብሎ የመከራት ከነሱው አንዱ ነው። ባንዱ ከበሮውን፣ ቤዙንና ሳክስፎኑን ጨመረ። ኮርዱ ግን ከመጀመሪያም በእጇ ነበር።

ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ ቀይሮ የቃኘ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም። እጅ ያው እጅ ነው፤ ክሩ ሲቀየር የሚወጣው ሁሉ ይቀየራል።

አንዲት የሐይቅ ልጅ አስተምር ነበር። አምባሰል ስትዘፍን ቁጭ ብላችሁ ታዳምጣላችሁ። ጃዝ መሞከር ፈለገችና ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ተለማመዱ። ልጁ ገና ከመጀመሪያው ዶ ሜጀር ያዘ። አምባሰልን ከዶ ብትነሱ ያላችሁ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ቤሞል ነው። ሚ የለም። ዶ ሜጀር ውስጥ ግን ሚ አለ፤ ከፋ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ልጅቷ ሳታውቀው ፋዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ኪቦርዱ መጎተት ጀመረች። ሁለት ዙር ሳይሞላ አምባሰሉ ጠፋ። ልጁም «አምባሰል ከጃዝ ጋር አይሄድም» ብሎ ደመደመ። ይህን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል! አምባሰሉ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የኮርዱ ነው። ሚዋን አወጣንና ዶ፣ ፋ፣ ሶል ብቻ ተውን። ቤዙ ዶ ላይ ቆመ። ሬ ቤሞሏ ወዲያው ቦታዋን አገኘች። ያ የተንጠለጠለ ኮርድ ጆኒ ከጊታሯ የምታወጣው ዓይነት ነው።

ስለዚህ በባህላዊ ዘፈን ላይ ጃዝ ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ኮርድ ከዩቲዩብ አትልቀሙ። በመጀመሪያ ዘፈኑን በክራር ብቻ ቅረጹ። አምስቱን ድምፆች ጻፏቸው። ኮርዳችሁን ከአምስቱ ብቻ ሥሩ፤ ስድስተኛ ድምፅ የምታስገቡት ለምን እንደምታስገቡት ስታውቁ ብቻ ነው። ቀጥሎ ቤዝ ይግባ። ከበሮ መጨረሻ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጁን ኪሱ ቢከት እመርጣለሁ፤ ቤዙ ያለበት ቦታ ላይ ምንም ሥራ የለውም። ዘፋኟ ድምፅዋን ወደ ኮርዱ ስታዘነብል ከሰማችሁ አቁሙና ኮርዱን ቀይሩ። እሷን አታርሟት።

«ኢትዮ ጃዝ የአዲስ አበባና የአሜሪካ ነገር ነው፣ ወሎን አይመለከትም» የሚሉም አሉ። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ የጂማ ልጅ ነው፤ እንደ ጆኒ በ1943 ተወለደ። ቦስተን በሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በበርክሊ ተማረ። የተማረውን ይዞ የሠራው ግን በእኛው ቅኝቶች ላይ ነው። አምባሰልና ባቲ ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ ናቸው፤ ማሪቱ ለገሰን የሰማ ሰው ይህን አይስተውም።

ማዳመጥ ለምትጀምሩ፦ የ1971ዱን «ብሉ» አስቀድሙ፤ በሱ ላይ የምትሰሙት በአብዛኛው እሷንና መሣሪያዋን ነው። ቀጥሎ «ፎር ዘ ሮዝስ»፣ ከዚያ «ኮርት ኤንድ ስፓርክ»። የ1976ቱን «ሂጂራ» ለመጨረሻ አቆዩት፤ ጃኮ ፓስቶሪየስ ቤዝ የተጫወተበት ነው። በመጀመሪያው ዙር ጊታሯን ብቻ ተከተሉ። ባንዱን በሁለተኛው ትደርሱበታላችሁ።