ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ሌላም ሌላም

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ጥብስ እየበላን ስለ ጣና የሰማውን ሁሉ ይዘረግፍልኝ ጀመር። ግማሹ ልክ አይደለም። በልጁ አልፈርድም፤ እኛ እዚሁ ባሕር ዳር ያደግነውም የምናወራው ያንኑ ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልያቸው።

"ጋሼ፣ ዓባይ ከጣና ጋር ሳይቀላቀል ነው አይደል ሰንጥቆ የሚያልፈው?"

ይህንን ያልሰማ የለም። ካርታው ግን ሌላ ነገር ይላል። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባው በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከዘጌ ወዲያ ነው። ዓባይ የሚወጣው ደግሞ ከዘጌ ወዲህ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። መግቢያውም መውጫውም በደቡቡ ዳርቻ ነው። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ሰንጥቆ ቢያልፍ እንኳ የሚቆርጠው ጥጉን ነው፤ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ያለ ሰው ወሬውንም አይሰማ።

ወሬው ግን ከሜዳ አልተነሳም። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ አፈር ተሸክሞ ሲገባ፣ ድፍርሱ ውኃ ከሐይቁ ውኃ ተለይቶ ይታያል። ያየ ሰው "ይኸው አልተቀላቀለም" ቢል አይገርምም። ትንሽ ቆይቶ ግን ነፋሱና ማዕበሉ ያዋህደዋል። ደግሞ ርብ፣ ጉማራና መገጭም አሉ፤ እነሱም ውኃቸውን እዚያው ነው የሚያፈሱት። ጣና የሚይዘው ውኃ ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። በዓመት በዓባይ በኩል ሲወጣ የኖረው በአማካይ 4 ቢሊዮን አይሞላም። "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን። ማደሪያስ አለው፤ ጣና ላይ ለዓመታት ነው የሚያድረው።

"የዓባይ ውኃ ሁሉ ከጣና ነው የሚመጣው።"

ይቺ ለእኛ ለባሕር ዳር ልጆች ትንሽ ታማለች። ዓባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ከጣና የወጣው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቀሪውን የሚያመጡት በመንገድ የሚቀላቀሉት ናቸው፦ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎችም። ዋናው ስም የእኛ፣ ዋናው ውኃ የእነሱ ማለት ነው።

"ጣና ጥልቀቱ አይታወቅም፤ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው።"

ይታወቃል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ሐይቅ ይህ ጠፍጣፋ ሳህን ማለት ነው። እሳተ ገሞራ ግን እጁ አለበት፤ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ የውኃውን መውጫ ስለዘጋው ነው ሐይቁ የተጠራቀመው። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ማየት የፈለገ ወደ አዊ ይውረድ። እንጅባራ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር ዘንገና አለ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ጥልቀቷ ግን 166 ሜትር ይደርሳል። ትንሽ ናት ብሎ መናቅ አይቻልም።

"ባሕር በሌለበት ባሕር ዳር!"

ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ ሰማሁት። በግዕዝም በአማርኛም "ባሕር" ጨዋማውን ውቅያኖስ ብቻ አይደለም፤ የተኛ ሰፊ ውኃ ሁሉ ባሕር ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን "የገሊላ ባሕር" የሚለው ሐይቅ እኮ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና አሥራ ስምንት ጊዜ ይበልጠዋል። ጴጥሮስ መረቡን የጣለበት ባሕር ከተባለ፣ የእኛ ሰው በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍበት ምን ያንሰዋል?

ስም ካነሳን፣ የሐይቁም ስም አንድ ሆኖ አልኖረም። ጻና የሚል አጻጻፍ አለ። የድሮ የአውሮፓ ካርታዎች ደግሞ በሰሜን ባለው አገር ስም የደንቢያ ሐይቅ ይሉታል። ወንዙም በፊደል ይጣላል። ዓባይ ከግዕዙ "ታላቅ" ጋር ይሄዳል፤ በአልፋው አ ሲጻፍ ግን "አባይ ጠንቋይ" የምንለውን ውሸታም ያስታውሳል። እኔ በዓይኑ ዓ እጽፋለሁ፤ ወንዙን ማስቀየም አልፈልግም።

"ጣና ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዩኔስኮም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።"

ሁለቱም አይደለም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የመዘገበው በባዮስፌር ሪዘርቭነት ነው። ያ ሰው እየኖረበት፣ እያረሰና እያሰገረ የሚጠበቅ አካባቢ ነው። የዓለም ቅርስም ብሔራዊ ፓርክም የሆነውን የሚፈልግ ሰሜን ተራሮች ይሂድ።

"እየሱስ ሞዓ የነበሩበት ገዳም ጣና ላይ ያለው እስጢፋኖስ ነው።"

ስሙ ነው ያሳሳተው። የመነኩሴው የእየሱስ ሞዓ ገዳም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚባለው፣ ያለው ወሎ ነው። የእኛው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት። የወሎው ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ዳጋ ግን ዛሬም በጀልባ ካልሆነ አይደረስም።

"37 ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ዘጌ ነው።"

37 የሚለውን ሁሉም ይደግመዋል። ግን ደሴት የሚቆጠረው ውኃው ሲፈቅድ ነው። ውኃው ሲሞላ ከየብስ የሚቆረጥ፣ ሲጎድል ተመልሶ የሚገጥም ቁራሽ መሬት አለ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ ጀልባዎቹ ለወራት ሥራ ፈትተው ነበር። ያኔ የቆጠረና ዘንድሮ የቆጠረ እኩል ላይመጣላቸው ይችላል። ትልቁ ደሴት ደግሞ ደቅ ነው። ዘጌ፣ ያ ሁሉ ቡናና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለበት ዘጌ፣ ደሴት አይደለም። በሦስት በኩል ውኃ የከበበው፣ በአንድ በኩል ከየብስ የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው። እንግዳ ሁሉ ከባሕር ዳር በጀልባ ስለሚወሰድ ደሴት ይመስለዋል።

ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ስልኩን አውጥቶ በጀልባ ሲሄድ የተነሳውን ፎቶ አሳየኝ፤ ማስረጃ መሆኑ ነው። አልተከራከርኩም። በነጋታው ጠዋት መኪና ውስጥ አስገባሁትና ዘጌ ድረስ ነዳሁ። ስንደርስ ወርዶ ወደ መጣንበት መንገድ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወደ ውኃው፣ ከዚያ ወደ እኔ። "የጀልባውን ብር መልሱልኝ" አለ።