የማይሰን ፖርሲሊንና የተፈጥሮ ምልክቶቹ

ማይሰን በጀርመን ሳክሶኒ፣ ኤልበ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በአውሮፓ የመጀመሪያው የጠንካራ ፖርሲሊን፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት የሚተኮስ ነጭ የሸክላ ዕቃ፣ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1710 የተቋቋመው እዚህ ነው። ከዚያ በፊት ነጩ ዕቃ ከቻይናና ከጃፓን በወርቅ ዋጋ ይገባ ነበር። የአሠራሩ ምስጢር መገኘት ብዙ ጊዜ ለአልኬሚስቱ (ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ ይሞክር ለነበረው) ዮሐን ፍሪድሪኽ በትገር ይሰጣል። ክብሩ የሳይንቲስቱ የቺርንሃውስ ነው የሚሉም አሉ።

የፋብሪካው ታዋቂ ሥራ በ1740 አካባቢ የወጣው ሰማያዊና ነጩ «የሽንኩርት ንድፍ» ነው። ሳህኑን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ሽንኩርት አያገኝም። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት ሮማንና ኮክ ናቸው። መሃሉ ላይ ቀርከሃ ቆሟል፤ አበባ ተጠምጥሞበታል። በቻይናውያን ዘንድ በፍሬ የታጨቀው ሮማን የልጅ በረከት፣ ኮክ ደግሞ የረጅም ዕድሜ ምልክት ነው። ማይሰን ሲደርሱ መልካቸው ተቀየረና ሽንኩርት ተባሉ። ንድፉ የሕግ ጥበቃ ስላልነበረው ሌሎች ፋብሪካዎች ተረባረቡበት። ማይሰንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሁለቱን የተጠላለፉ ሰይፎች፣ ማለትም የፋብሪካውን ምልክት፣ ቀርከሃው ግርጌ ላይ መሳል ጀመረ። ደግ አደረገ!

በቅርጻ ቅርጽ በኩል ዮሐን ዮአኪም ኬንድለርን የሚስተካከል የለም። በ1731 ተቀጠረ፤ በ1775 እስኪሞት እዚያው ሠራ። ትልቁ ሥራው በ1737 ተጀምሮ በ1740ዎቹ መባቻ ያለቀው «የስዋን» (አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ) የገበታ ዕቃ ነው። ከ2,000 በላይ ዕቃዎች አሉት። ያሠራው የፋብሪካው የበላይ ኃላፊ የነበረው ካውንት ብሩል ነው። ብሩል ማለት ረግረግ መሬት ስለሆነ ምልክቶቹ ሁሉ ከውሃ መጡ። ሳህኑ ራሱ ዛጎል ይመስላል፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ስስ ሸንተረሮች አሉት። በነጭ ላይ ነጭ ሆነው፣ ሁለት ስዋኖች ከሸምበቆ መካከል ይዋኛሉ። ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ነው በደንብ የሚታዩት።

አበባውም ተለወጠ። መጀመሪያ የእስያን አበባ ይኮርጁ የነበሩት ሰዓሊዎች በ1740ዎቹ «የጀርመን አበባ» ወደሚሉት ዞሩ፤ ከዕፅዋት መጻሕፍት ሥዕል እያዩ ጽጌረዳና ቱሊፕ ሳሉ። ጎኑ ላይ ጥንዚዛና ቢራቢሮ ጣል ያደርጋሉ፤ አንዳንዴ ከነጥላው። ብዙዎች ነፍሳቱ የሕይወትን አጭርነት ያመለክታሉ ይላሉ። ዕቃው በእሳት ሲተኮስ የወጣ ጉድፍ መሸፈኛም ነበሩ።

ከ1756 በኋላ ፕሩሲያ ሳክሶኒን በጦር ስትይዝ፣ የፋሽን መሪነቱን የፈረንሳዩ የሴቭር ፖርሲሊን ፋብሪካ ወሰደ።