ካርቱን ላይ እናት ለምን ትሞታለች? ሴራ የለም፣ እባካችሁ

የወላጆች ስብሰባ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ለልጆቻችን የምታሳዩአቸው ካርቱኖች እናትና አባት የላቸውም፤ ይሄ ነገር ታስቦበት ነው» ይላል። ግማሹ ሰው «እውነቱን ነው» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ደሴ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። አርብ ከሰዓት ለትንንሾቹ ፊልም የምከፍተውም እኔ ነኝ። እና ሰልችቶኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ሴራ ነው። ልጅ ወላጁን እንዳይፈልግ ነው የሚያስተምሩት።»

ሴራ ከሆነ ሴረኛው በጣም ሽማግሌ ነው። ሙሴን እናቱ ቅርጫት ውስጥ አድርጋ ወንዝ ዳር አስቀመጠችው። ዮሴፍን ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ተሽጦ ባዕድ አገር ሄደ። ነቢዩ ሙሐመድ አባታቸውን ሳያዩ ተወለዱ፤ እናታቸውንም ገና በስድስት ዓመታቸው አጡ። ልጆቻችሁ ይሄን መድረሳም ሰንበት ትምህርት ቤትም ይሰሙታል። እስካሁን ስብሰባ ላይ ተነስቶ አቤቱታ ያቀረበበት ሰው ግን አላጋጠመኝም። አያቶቻችንስ? «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» ከተባባልን በኋላ የሙት ልጅና የእንጀራ እናት ያልመጡበት ምሽት ስንት ነው?

ነገሩ ቀላል ነው። እናት ቤት ካለች ልጁ ጫካ አይገባም። «ወዴት ነው? ሹራብህን ልበስ፣ ብርድ ነው» ትለዋለች፣ ፊልሙም በአምስተኛው ደቂቃ ያልቃል። ልጁ ራሱ እንዲወስን፣ እንዲሳሳት፣ እንዲፈራና መላ እንዲፈልግ ከተፈለገ ትልቅ ሰው ከመሃል መውጣት አለበት። በዚያ ላይ ተረቶቹ የተወለዱት እናት በወሊድ መሞቷ ተራ ነገር በሆነበት ዘመን ነው።

«ዋልት ዲዝኒ ለእናቱ ሞት ምክንያት ስለሆነ፣ ጸጸቱን ነው በፊልም የሚያወጣው።»

ይሄኛው ከቲክቶክ የመጣ ነው። እውነት የሆነ ነገር አለው። ዋልትና ወንድሙ ሮይ ለወላጆቻቸው ቤት ገዝተው ነበር፤ የቤቱ ማሞቂያ ጋዝ አፍኖ እናታቸውን ፍሎራን ገደላቸው። በ1938 ነው (እዚህ የምጠራቸው የፊልምና የመጽሐፍ ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)። ያሳዝናል። ግን «ስኖው ኋይት» የወጣው በ1937 ነው፣ እናትየው በሕይወት እያሉ። «ሲንደሬላ»ን ፈረንሳዊው ፔሮ ያሳተመው በ1697 ነው። የአጋዘኗን ግልገል የባምቢን እናት መጀመሪያ የገደላት ፌሊክስ ዛልተን ነው፣ በ1923 በወጣው መጽሐፉ። አባት የሚሞትበት «ላየን ኪንግ» ደግሞ የ1994 ፊልም ነው፤ ዲዝኒ ከሞተ 27 ዓመት አልፎት ነበር። ከመቃብር ሆኖ ነው የጻፈው?

«ሁሉም ወላጅ የላቸውም።» ውሸት። የተኛችው ልዕልት («ስሊፒንግ ቢዩቲ») ሁለቱም ወላጆቿ አሉ።

«እንጀራ እናት ክፉ መሆኗን ተረቱም ይመሰክራል።»

ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባወጡት የመጀመሪያ እትም፣ ስኖው ኋይትን ልታስገድላት የላከችባት የገዛ እናቷ ናት። በ1819 እትም ላይ ነው እንጀራ እናት የተደረገችው። የወላጅ እናት ስም ሲጸዳ ጭቃው በሌላዋ ላይ ተለጠፈ ማለት ነው። የባሏን ልጅ ጠዋት ጸጉሯን ጎንጉና የምታመጣልኝ ሴት አለች። እሷ ፊት ይሄን ወሬ የምታወሩ ሰዎች ትንሽ እፈሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ወላጅ የሌለው ልጅ እንዲህ ያለ ፊልም ማየት የለበትም።»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ወሎ እኮ ነው ያለነው። በ66ቱና በ77ቱ ረሃብ ወላጅ አጥተው ያደጉ ሰዎች ዛሬ አያት ሆነዋል። ጦርነቱም የራሱን ጨምሯል። ዛሬ ክፍሌ ውስጥ እናቱ ጅዳ ወይም ሪያድ ሆና እሱ በአያቱ እጅ የሚያድግ ልጅ ብርቅ አይደለም። እነዚህን ልጆች ነው «እንዳይከፋቸው» ተብሎ ከክፍል የማስወጣው? ከፍቷቸዋል እኮ! የቀራቸው የሚያወራቸው ሰው ነው።

እናቷ ዓረብ አገር የሆነች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። አክስቷ «ፊልም ሲኖር ላይብረሪ አስቀምጡልኝ» ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። የዝሆኑን የዱምቦን ፊልም ከፈትኩ። እናቱ አልሞተችም፣ ታስራ ነው፤ በፍርግርጉ ኩምቢዋን አውጥታ ልጇን ታባብለዋለች። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ልጅቷ «ኢሞ የላትም እንዴ?» አለች። ከኋላ አንዱ «የእኔ እናት የምትደውለው አርብ አርብ ነው» አለ። ሌላው ቀጠለ። ፊልሙን አቁሜ የማን እናት መቼ እንደምትደውል፣ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ «አደግሽ» ስትባል ምን እንደሚሰማት ሲያወሩ ደወል ተደወለ። የዱምቦን መጨረሻ ያየነው በሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስለ እናቷ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

ስለዚህ መከልከሉን ትታችሁ እንዲህ አድርጉ። ፊልሙን አስቀድማችሁ ራሳችሁ እዩት። ሲያዩ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ስልክ አስይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ መተው «ማሳየት» አይደለም። ልጁ ሲያለቅስ «ካርቱን እኮ ነው» አትበሉት፣ ያለቀሰው ለካርቱኑ ላይሆን ይችላል። ያቺን ክፍል ደጋግሞ ልይ ካለ ይይ። ከፈራ አጥፉት፣ ሌላ ቀን ይቀጥላል።

የአራት የአምስት ዓመት ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አልገባውም፤ ለአብዛኞቹ ይሄ ቁልጭ የሚለው ወደ ሰባት ዓመት ግድም ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። አሥሩንም ጊዜ በዚያው አጭር ቃል መልሱለት። «ተኝታለች» አትበሉ፣ መተኛት ይፈራል። እናቱ ጅዳ ከሆነች ደግሞ «ነገ ትመጣለች» አትበሉት። «ኮንትራቷ ሲያልቅ ትመጣለች፣ መቼ እንደሆነ ገና አናውቅም፣ አርብ ግን ትደውላለች» በሉት። አርብ ካልደወለችም ያልደወለችበትን ምክንያት ንገሩት።